አራስ ልጅ ለምን ቢጫ ይሆናል?
(ስለ ጉበት ዕድገትና ስለ ኢንዛይሞቹ)

በማራኪም ይሁን ከዚያ ወዲያ በዳባትና በደባርቅ ገጠር፣ ልጅ በተወለደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ዐይኑና ቆዳው ቢጫ ሲሆን ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው። አንዱ «የወፍ በሽታ ነው» ይላል። ሌላው «ፀሐይ ሲያገኘው ይለቀዋል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ምንም አይደል፣ የሁሉም ልጅ ወግ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ሦስቱም አባባሎች ጥቂት ጥቂት እውነት አላቸው። ነገር ግን የትኛው ልጅ ቢተዉት እንደሚድን፣ የትኛው ደግሞ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ መድረስ እንዳለበት አንዳቸውም አይነግሩንም። እኛ ነገ በየገጠሩ ስንመደብ «አንተ የተማርክ ነህ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ ምን ትላላችሁ?» ተብለን የምንጠየቀው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ነገሩን ከሥሩ፣ ማለትም ጉበት እንዴት እንደሚያድግ ከሚለው ጥያቄ ጀምረን ለማየት አሰብን።

መማሪያ መጽሐፎቻችን የጉበትን ሥራ በዝርዝር ያስቀምጣሉ፤ ሐሞት ያመነጫል፣ ስኳር ያከማቻል፣ የደም ፕሮቲኖችን ይሠራል፣ መርዝ ያረክሳል። ዝርዝሩን ሸምድደን ፈተና እናልፍበታለን። ዝርዝሩ የማይነግረን ነገር ቢኖር ጉበት እነዚህን ሥራዎች ሁሉ በአንድ ቀን አለመጀመሩን ነው። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ኢንዛይም አለው፤ እያንዳንዱም ኢንዛይም ወደ ሥራ የሚገባበት የራሱ ጊዜ አለው። አንዳንዱ በማሕፀን ውስጥ፣ አንዳንዱ እትብት በተቆረጠ በሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንዱም ከወራት በኋላ ይደርሳል። የአራስ ልጅ ቢጫነት ከእነዚህ ዘግይተው ከሚደርሱት የአንዱ ጉዳይ ነው።

ኢንዛይም ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከጠላ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ደረቅ ገብስ ፈጭተው ውኃ ቢጨምሩበት ሊጥ ይሆናል እንጂ አይጣፍጥም። ገብሱ ውኃ ጠጥቶና ተሸፍኖ ሲበቅል ግን በውስጡ አልፋ አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ይሠራል፤ ይኸውም የእህሉን ስታርች እየቆራረጠ ወደ ስኳርነት እንዲለወጥ ያደርገዋል። ብቅል ሲያላምጡት የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጠላው ውስጥ ያለው አልኮልም የሚመጣው ከዚሁ ስኳር ነው። እናቶቻችን ኢንዛይም ብለው ስም አያውጡለት እንጂ ያልበቀለ ገብስ ብቅል እንደማይሆን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር እንያዝ። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ሌላውን ነገር ይለውጣል እንጂ እርሱ በሥራው አያልቅም፣ ከፈላ ግን ይበላሻል። ደግሞም የሚሠራው ጊዜው ሲደርስና ትእዛዝ ሲመጣለት ነው። አልፋ አሚሌዝን ለመሥራት የሚያስፈልገው መመሪያ በደረቁ ገብስ ውስጥ ከመጀመሪያውም ነበረ፤ ትእዛዙ የወጣው ግን ሲበቅል ነው። የጉበትም ነገር እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ፅንሱ እንሂድ። በሰው ፅንስ ጉበት የሚጀመረው በ4ኛው ሳምንት ግድም ነው። ፅንሱ በዚያን ጊዜ በቁመቱ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። ወደፊት አንጀት ከሚሆነው ቱቦ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ እምቡጥ ብቅ ትላለች። ይህች እምቡጥ ጉበት እንድትሆን የሚያዛት ማን ነው? ፈረንሳዊቷ ሳይንቲስት ኒኮል ለ ዷረን በጫጩት ፅንስ ላይ ባደረገችው ሙከራ የአንጀቱ ግድግዳ ወደ ጉበትነት እንዲለወጥ ልብ ከሚወጣበት ሥጋ ጋር መጎራበት እንዳለበት አሳየች። በኋላ በአይጥ ፅንስ ላይ በተደረገ ጥናት መልእክቱ ራሱ ታወቀ። ፕሮቲን ነው። ከልቡ በኩል ኤፍ ጂ ኤፍ የሚባሉት፣ ወደፊት የሆድና የደረት መጋረጃ ከሚሆነው ሥጋ በኩል ደግሞ ቢ ኤም ፒ የሚባሉት ፕሮቲኖች ወደ እምቡጧ ይደርሳሉ። ሁለቱ መልእክቶች በተገናኙበት ቦታ ያሉት ሕዋሳት ጉበት ይሆናሉ። በአማርኛ «ልብና ጉበት» እያልን አብረን የምንጠራቸው ሁለቱ፣ እውነትም ከጥንስሱ ጎረቤቶች ናቸው።

እምቡጧ ከወጣች በኋላ የሚያሳድጋት ሌላ ፕሮቲን ነው። ጃፓናዊው ናካሙራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 የጉበት ሕዋሳትን እንዲባዙ የሚገፋፋ ፕሮቲን ከአይጥ ደም ለይተው ማግኘታቸውን ገለጹ። ስሙ የጉበት ሕዋስ አሳዳጊ ፋክተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን ፕሮቲን መሥራት የማይችሉ አይጦች በምርምር ተፈጥረው ሲታዩ ጉበታቸው ቀጭጮ እዚያው በማሕፀን ሞቱ። ይኸው ፕሮቲን በአዋቂም ላይ ሥራ አለው። ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1931 እንዳሳዩት ከአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ቢወጣ የቀረው በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ አድጎ የቀድሞውን ክብደት ያህላል። የተቆረጠው ጎን ራሱ ተመልሶ አይወጣም፤ የቀረው ነው የሚተልቀው። ኩላሊትና ሳንባ ይህን ያህል አይሆንላቸውም።

በማሕፀን ያለ ጉበት ዋነኛ ሥራው የምግብ ጉዳይ አይደለም፤ ያንን እናቲቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ትፈጽምለታለች። ይልቁንም ደም ፋብሪካ ነው። የአጥንት መቅኒ ሥራውን እስኪረከበው ድረስ የፅንሱ ቀይ የደም ሕዋሳት በብዛት የሚሠሩት በጉበት ውስጥ ነው። በ10ኛው ሳምንት ግድም ጉበት ከጠቅላላው የፅንስ ክብደት 10 ከመቶ ያህል ይይዛል፤ በአዋቂ ሰው ግን 2 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። «ደም ይሠራ» ብሎ የሚያዘው ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ፕሮቲንም ከመወለድ በፊት የሚመነጨው በዋነኛነት ከጉበት ነው፤ ከተወለደ በኋላ ኩላሊት ይወስደዋል።

ከዚህ ላይ ስለ ራሳችን አገር አንድ ነገር ጣል እናድርግ። በከፍተኛ ቦታ የሚኖር ሰው አየሩ ስለሚሳሳበት ይህ ፕሮቲን በዝቶ ደሙ እንደሚወፍር በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ከታወቀ ቆይቷል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ግን እዚሁ በሰሜን ተራሮች አምባራስ አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ የደማቸው የሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ መሆኑን ገለጹ። የእኛ ደገኛ አየሩን በሌላ ዘዴ ነው የለመደው ማለት ነው። ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚሻ ወደ ጉበታችን እንመለስ።

የፅንስ ጉበት ወደ ደም የሚለቀው ዋና ፕሮቲን አልፋ ፊቶ ፕሮቲን ይባላል። ልጁ ከተወለደ በኋላ መጠኑ እየቀነሰ ሄዶ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ቦታውን አልቡሚን ይይዛል። አልቡሚን በደም ውስጥ ሸክም ተሸካሚ ነው፤ ውኃም ከደም ሥር እንዳይወጣ ይይዛል። የዚህን የአልፋ ፊቶ ፕሮቲን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

እትብት ሲቆረጥ ምን ይሆናል? እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስኳር ከእናት ደም ሳያቋርጥ ይመጣ ነበር። አሁን ቆመ። ደግነቱ ጉበት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ስንቁን ግላይኮጅን በሚባል መልክ አጠራቅሟል። ያንን ስንቅ ወደ ስኳር መንዝሮ ወደ ደም የሚለቀው ግሉኮስ 6 ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም በመወለድ ጊዜ ኃይሉ ከፍ ይላል። ስንቁ ሲያልቅ ደግሞ ጉበት ከሌላ ነገር አዲስ ስኳር መሥራት አለበት፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ኢንዛይም (ስሙ ፎስፎኢኖልፓይሩቬት ካርቦክሲካይኔዝ ነው፣ ፈተና ላይ እንዳይመጣ እንጸልይ!) ሥራ የሚጀምረው ከመወለድ በኋላ መሆኑ በአይጦች ላይ ታይቷል። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ስንቁን ሳያከማች ስለሚመጣ ስኳሩ ቶሎ ይወርድበታል። ለዚህም ነው ልጅን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማጥባት የሚመከረው።

በዚህ ረገድ በአገራችን ብዙ ቦታ የሚታይ አንድ ልማድ አለ። እንገሩ «ቆሻሻ ነው፣ ሆድ ይነፋል» ተብሎ ታልቦ ይደፋል። ልጁ እስከዚያው ቅቤ ይልሳል፣ ወይም ውኃና ስኳር ይሰጠዋል። እንገር ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሽታ ስለሚከላከል ነው፤ እውነትም ነው። ስለ ቢጫነቱ ስናወራ ግን ሌላም ጥቅም ይገኝበታል።

ቢጫው ነገር ቢሊሩቢን ይባላል። የሚመጣው ካረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ነው። ሰው ተመትቶ ሲበልዝ ቦታው መጀመሪያ ይጠቁርና ቆይቶ አረንጓዴ፣ ከዚያም ቢጫ ይሆን የለም? ያ የቀለም ለውጥ የኢንዛይሞች ሥራ ነው። አንዱ ኢንዛይም የደሙን ቀለም ወደ አረንጓዴው ቢሊቨርዲን፣ ሁለተኛው አረንጓዴውን ወደ ቢጫው ቢሊሩቢን ይለውጠዋል። ቢሊሩቢን በውኃ አይሟሟም። አልቡሚን ተሸክሞ ጉበት ያደርሰዋል፤ እዚያ ዩ ዲ ፒ ግሉኩሮኖሲል ትራንስፈሬዝ የሚባል ኢንዛይም ከአንድ የስኳር አሲድ ጋር ያያይዘዋል። ስሙ አፍ ስለሚያስር ከዚህ በኋላ «አያያዡ» እንበለው። የተያያዘው ቢሊሩቢን በውኃ የሚሟሟ ስለሚሆን ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ወርዶ ከሰገራ ጋር ይወጣል።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሲወለድ የአያያዡ ኃይል ከአዋቂው ሲነጻጸር ወደ 1 ከመቶ ብቻ ነው። የአዋቂውን መጠን የሚደርሰው በ3 ወር ግድም ነው። ይህ የተፈጥሮ ጉድለት ይመስላል፤ ግን አይደለም። በማሕፀን ውስጥ ቢሊሩቢኑን ወደ እናቱ ደም የሚያሻግረው እንግዴ ልጁ ነው፤ በእንግዴ ልጅ በኩል ለመሻገር የሚመቸው ደግሞ ያልተያያዘው ቢሊሩቢን ነው። አያያዡ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ የፅንሱ ቆሻሻ እዚያው በፅንሱ ዘንድ ይቀር ነበር። ስለዚህ በማሕፀን ሳለ አለመኖሩ ይጠቅማል፤ ችግሩ እትብት ሲቆረጥ መንገዱ በድንገት መለወጡ ነው። በዚያ ላይ አራስ ልጅ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ብዙ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከአዋቂው 120 ቀን ያነሰ ነው። ሸክሙ በዛ፣ ሠራተኛው ገና አልደረሰም። በወሩ ከሚወለዱት ልጆች ከግማሽ በላይ የሆኑት፣ ያለ ጊዜያቸው ከሚወለዱት ደግሞ አብዛኞቹ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

እንገሩ የሚገባው አሁን ነው። በአራስ ልጅ አንጀት ውስጥ ቤታ ግሉኩሮኒዴዝ የሚባል የአያያዡን ሥራ የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ። የተያያዘውን ይፈታዋል፤ የተፈታው ቢሊሩቢን ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ልጁ ቶሎ ከጠባ የመጀመሪያው ጥቁር ሰገራ ቶሎ ይወጣል፣ ቢሊሩቢኑም አብሮ ይወጣል። እንገር ተደፍቶ ልጁ ሳይጠባ ከዋለና ካደረ ግን ያ ሁሉ በአንጀቱ ተኝቶ እየተፈታ ይመለሳል። ስለዚህ ለእናት «እንገሩን ስጪው» የሚል ሰው አያያዡ እስኪደርስ ድረስ ሌላ መውጫ መንገድ እየከፈተ ነው።

ፀሐዩስ? እንግሊዝ አገር ሮችፎርድ በሚባል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1956 ጂን ዋርድ የምትባል ነርስ አራስ ልጆችን በጥሩ ቀን ወደ ውጭ እያወጣች ታናፍስ ነበር። ፀሐይ ያገኘው የልጁ ገላ ቢጫነቱ ሲቀንስ፣ የተሸፈነው ግን ቢጫ እንደሆነ መቅረቱን አስተዋለች። ሐኪሞቹ ነገሩን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1958 በብርሃን ማከም እንደሚቻል በጽሑፍ አወጡ። በተለይ ሰማያዊው ብርሃን የቢሊሩቢኑን ቅርጽ ስለሚለውጠው ያለ አያያዡ እርዳታ በሐሞት ሊወጣ ይችላል። ዛሬ በሆስፒታል ልጁ ዐይኑ ተሸፍኖ ከሰማያዊ መብራት ሥር የሚተኛው በዚህ ግኝት ነው። እንግዲህ ልጅን ጧት ጧት ፀሐይ ማሞቅ የኛ እናቶች ልማድ መሆኑን ስናስብ ያቺን ነርስ ብዙ አናደንቃትም ይሆናል! ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የጧት ፀሐይ መጠኑ አይታወቅም፣ ልጁም ይበርደዋል ወይም ይቃጠላል። ቢጫነቱ ለበረታ ልጅ ፀሐይ የሆስፒታሉን መብራት አይተካም፤ እዚያው እያሞቁ ቀን ማሳለፍ አደጋ ነው።

አደጋው ምንድን ነው? ቢሊሩቢን ሲበዛ አልቡሚን ሊሸከመው ከሚችለው ያልፍና ወደ አእምሮ ይገባል። ከገባ በኋላ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። ልጁ መጀመሪያ ይዝላል፣ መጥባት ይተዋል፤ ቀጥሎ አንገቱና ጀርባው ወደ ኋላ ይለጠጣል። ከሞት ቢተርፍ መስማት ሊሳነው፣ እጅና እግሩ ሊታዘዘው ላይችል ይችላል። በየትምህርት ቤታችን ከሚመጡት መስማት ከተሳናቸው ልጆች አንዳንዱ እንዲህ ዓይነት የመጀመሪያ ሳምንት ያሳለፈ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የኛ አገር የአራስ ቤት አንድ እንቅፋት አለው። እናትና ልጅ እስከ ክርስትናው፣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ከቤት አይወጡም። ጠያቂም ቢመጣ በደብዛዛ ብርሃን ቢጫ ነገር አይታይም። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ይብስ ይሰወራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ልጁን ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ ብርሃን ማቅረብ፣ የዐይኑን ነጭና ድዱን ማየት፣ ግንባሩን በጣት ጫን አድርጎ ሲለቁ ቀለሙን መመልከት፣ በመጨረሻም መዳፉንና ውስጥ እግሩን ማየት ነው። ቢጫው ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ስለሚወርድ መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ በዝቷል ማለት ነው።

ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያለበት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ልጅ ነው። እንዲህ ፈጥኖ የሚመጣ ቢጫነት የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ሊሆን ይችላል። መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ የሆነ፣ መጥባት የተወ፣ የፈዘዘ ወይም ያተኮሰውም እንዲሁ። ቢጫነቱ ከ14 ቀን ያለፈ ልጅም መታየት አለበት፤ በተለይ ሰገራው እንደ ኖራ ከነጣና ሽንቱ ከጠቆረ አያያዡ ደርሶ፣ የሐሞቱ መውጫ ግን ተዘግቶ ይሆናል፤ ይህም ቶሎ ቀዶ ጥገና የሚሻ ነው። ከእነዚህ ውጭ የሆነ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቀን ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚለቅ፣ እየጠባ ያለ ልጅ ቢጫነት የጉበት ዕድገት ወግ ነው።

የጉበትን ጊዜ አለማወቅ በሠለጠነው ዓለምም ሕይወት አስከፍሏል። ክሎራምፌኒኮል የሚባለውን መድኃኒት ጉበት የሚያስወግደው በዚያው በአያያዡ ቤተሰብ ኢንዛይሞች ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሆስፒታሎች ለአራስ ልጆች በብዛት ይሰጥ ነበር። ልጆቹ ሆዳቸው እየተነፋ፣ ገላቸው አመድ እየመሰለ ሞቱ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲገለጥ መድኃኒቱ በሕፃኑ ደም ውስጥ መውጫ አጥቶ ይጠራቀም እንደነበር ታወቀ። ለአዋቂ የተረፈ ኪኒን ፈጭቶ ለአራስ መስጠት ለምን እንደማይገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። አልኮልን የሚያፈርሰው ኢንዛይምም በፅንሱ ጉበት ከአዋቂው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ነፍሰ ጡር የጠጣችው አረቄ እርሷን ቶሎ ቢለቃት ፅንሱን ቶሎ አይለቀውም።

አልፋ ፊቶ ፕሮቲንን ያዙልን ብለን ነበር። አቤሌቭ የተባለ የሶቪየት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1963 ይህ የፅንስ ፕሮቲን የጉበት ካንሰር በያዛቸው አይጦች ደም ውስጥ ተመልሶ መገኘቱን ገለጸ፤ ታታሪኖቭ በሚቀጥለው ዓመት በሰው ላይ አየው። የካንሰር ሕዋስ በጎልማሳ ጉበት ውስጥ ሆኖ እንደ ፅንስ መሥራት ይጀምራል ማለት ነው። የጉበት ካንሰር አንዱ ዋና ምንጭ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ በአገራችን የቫይረስ ሄፓታይተስን ለብዙ ዓመታት ካጠኑት ሐኪሞች አንዱ ናቸው፤ በሽታው በነፍሰ ጡሮች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳትም ጽፈዋል። ሄፓታይተስ ቢ በአዋቂነቱ የያዘው ሰው ከ100 ከ5 በታች በሆነ ዕድል ነው ዘላቂ የሚሆንበት፤ ሲወለድ ከእናቱ የተጋባበት ሕፃን ግን ወደ 90 ከመቶ ያህሉ ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል። ክትባቱ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2007 ከሌሎች አራት ጋር ተጣምሮ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት መሰጠት ጀምሯል።

ይህን ትምህርት ወደ ክፍል ለማስገባት ለሚፈልግ ሠልጣኝ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ከሥጋ ቤት የበግ ጉበት ጥቂት፣ ከመድኃኒት ቤት ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን ባለ 3 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ መግዛት ነው። በሦስት ብርጭቆ አንዱ ላይ ጥሬ ቁራጭ፣ ሁለተኛው ላይ የተቀቀለ ቁራጭ፣ ሦስተኛው ላይ ተከትክቶ የደቀቀ ጥሬ ጉበት አድርጎ በእኩል መጠን ያፍስሱበት። ጥሬው ያረፋል፣ የደቀቀው ገንፍሎ ይወጣል፣ የተቀቀለው ዝም ይላል። አረፋውን የሚያወጣው ካታሌዝ የተባለ የጉበት ኢንዛይም ነው፤ ፐሮክሳይዱን ወደ ውኃና ኦክስጅን ይከፍለዋል። የፍም ስንጥር አረፋው ውስጥ ቢያስገቡ ይቀጣጠላል። ፈሳሹ የተማሪ ዐይን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ጉበቱ የዚያው ቀን ዕርድ ቢሆን ይመረጣል። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤት ሲዘጋ ደግሞ ጥሬ ድንችም ካታሌዝ አለው፤ አረፋው ብቻ ያነሰ ነው።